ኮምፒውተርን ወደ ማስተማሪያ ክፍል ያስገቡት መነኩሲት

ሲስተር ሜሪ ኬኔት ኬለር በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ዲግሪውን ያገኙት ጁን 7 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 51 ነበር። በዚያው ዕለት ኧርቪንግ ታንግ የተባሉ ምሁር በሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በተመሳሳይ ሙያ ተመርቀዋል።

ሲስተር ኬለር በ1913 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። በ1932 የቅድስት ድንግል ማርያም የፍቅር ሥራ እህቶች ማኅበር ገቡ፤ በ1940 መሐላቸውን ፈጸሙ። ማኅበሩን በ1833 የመሠረቱት ከደብሊን ወደ ፊላዴልፊያ የተሻገሩት ሜሪ ፍራንሲስ ክላርክና ጓደኞቻቸው ሲሆኑ፣ ዋና ሥራውም ማስተማር ነው። ስለዚህ ለሲስተር ኬለር ትምህርትና ምንኩስና የሚጋጩ ሁለት መንገዶች አልነበሩም። በ1943 በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1953 ደግሞ በሒሳብና በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ቺካጎ ከሚገኘው ዴፖል ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ትኩረታቸው ወደ ኮምፒውተር ዞረ። በዳርትመዝ ኮሌጅ የኮምፒውተር ማዕከልም ቆይታ ነበራቸው። ዳርትመዝ በዚያን ጊዜ ወንዶችን ብቻ የሚቀበል ኮሌጅ ሲሆን፣ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ለጀማሪዎች የሚቀለውን ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ በ1964 ሥራ ላይ ያዋሉትም እዚያው ነው።

የዶክትሬት ጥናታቸው ማሽን ከምሳሌ ተነሥቶ ሕግ ሊያወጣ ይችል እንደሆነ የሚመረምር ነበር። አንድ የካልኩለስ ተማሪ ኤክስ ካሬ ወደ 2 ኤክስ፣ ኤክስ ኪዩብ ደግሞ ወደ 3 ኤክስ ካሬ ሲለወጥ ካየ፣ ቁጥሩ ከላይ ወርዶ ፊት እንደሚቆምና ከላይ በ1 እንደሚቀንስ መምህር ሳይነግረው ሊደርስበት ይችላል። ሲስተር ኬለር ይህን ዓይነት ስሌት በኮምፒውተር የሚያከናውኑ ቀመሮችን ፎርትራን በተባለው ቋንቋ ጻፉ። በዘመኑ ፕሮግራም የሚዘጋጀው ባመዛኙ 80 ዓምድ ባላቸው ወፍራም የወረቀት ካርዶች ላይ ቀዳዳ እየተበሳ ነበር፤ አንድ ካርድ አንድ መስመር ብቻ ይይዛል። ካርዶቹ ወድቀው ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ፕሮግራሙ ከንቱ ይሆናል።

ሲስተር ኬለር ዶክትሬቱን እንደያዙ ያመሩት በማኅበራቸው ሥር ወዳለው፣ አዮዋ ግዛት፣ ደቡክ ከተማ ወደሚገኘው ክላርክ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ትንሽ ነበር፤ እስከ 1979ም የሴቶች ኮሌጅ ሆኖ ቆይቷል። በ1965 የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉን አቋቁመው ለ20 ዓመታት መሩት። ኮምፒውተርን ለትምህርት ሥራ ለማዋል የሚያሠለጥን የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብርም ከፈቱ። ልጅ የምታሳድግ ተማሪም ከትምህርቷ እንዳትቀር፣ እናቶች ሕፃናታቸውን ይዘው ክፍል እንዲገቡ ያበረታቱ ነበር።

በእሳቸው እምነት፣ መረጃ እየበዛ በሄደ ቁጥር ሰው የሚፈልገውን መርጦ የሚያገኝበት መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ መሣሪያውም ለባለሙያዎች ብቻ ሊተው አይገባም። በዚህም ምክንያት በትምህርት ዘርፍ ያሉ የአነስተኛ ኮምፒውተር ተጠቃሚዎችን የሚያሰባስብ ማኅበር እንዲቋቋም ረድተዋል፤ በሙያቸውም አራት መጻሕፍት ጽፈዋል።

ሲስተር ኬለር ጃንዋሪ 10 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። የክላርክ ኮሌጅ የኮምፒውተር ማዕከል በስማቸው ተሰይሟል።