ዓይን ምስክር፣ ልብ ዳኛ፦ የስሜት ሕዋሳትና ዕውቀት በጥንታዊት ቻይና



የጥንት ቻይናውያን ፈላስፎች ስለ ስሜት ሕዋሳት ምን እንዳሰቡ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ንግግሬን ከሁለት የመናፍስት ታሪኮች ለመጀመር ወሰንሁ። በታሪኮቹ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተያይዘው ይገኛሉና፦ ዓይን ያየውን ምን ያህል እንመን? ንጉሥ ሲበድል ያየ ሰውስ ምስክርነቱ ምን ዋጋ አለው?

የመጀመሪያው ታሪክ የሚገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ምዕተ ዓመት በኖረው በሞዚ ስም በሚጠራው መጽሐፍ ነው። የጆው ንጉሥ ሹዋን ዱ ቦ የተባለውን ሹም ያለ በደሉ አስገደለው። ከሦስት ዓመት በኋላ ንጉሡ ብዙ ሠረገሎችና በሺህ የሚቆጠሩ ተከታዮች አስከትሎ ለአደን ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ሟቹ ቀይ ልብስ ለብሶ፣ ነጭ ፈረሶች በሚጎትቱት ሠረገላ ተቀምጦ መጣና ንጉሡን በቀስት ወግቶ ገደለው። በስፍራው የነበሩት ሁሉ አዩ፤ ርቀው የነበሩትም ሰሙ።

ሞዚ አንድን አባባል ለመመዘን ሦስት መመዘኛዎች ነበሩት፦ የቀደሙት ደጋግ ነገሥታት ሥራ፣ የሕዝብ ዓይንና ጆሮ ምስክርነት፣ እንዲሁም አባባሉ በተግባር ሲውል ለአገርና ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም። የዱ ቦ ታሪክ የሚቆመው በሁለተኛው መመዘኛ ነው፤ ይህን ያህል ሰው ካየና ከሰማ መናፍስት የሉም ማለት አይቻልም ይላል። ሦስተኛውም ይደግፈዋል። ሰው በማያይበት ስፍራ የሚበድል ሹም የሚቀጣው እንዳለ ካወቀ እጁን ይሰበስባልና።

ሁለተኛውን ታሪክ የሚነግረን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሹንዚ ነው። ጁዋን ሹሊያንግ የሚባል ሞኝና ፈሪ ሰው በጨረቃ ብርሃን ሲሄድ ጎንበስ ብሎ ጥላውን ቢያይ ያደባ መንፈስ መሰለው፤ ቀና ብሎ የገዛ ጠጉሩን ቢያይ የቆመ ጋኔን መሰለው። ፊቱን አዙሮ ሮጠ፤ ቤቱ ሲደርስም ትንፋሹ ተቆርጦ ሞተ። ሹንዚ እንደሚለው፣ ሰዎች መንፈስ አየን የሚሉት እንዲህ ባለው የድንጋጤና የብዥታ ሰዓት ነው። በጨለማ የሚሄድ ሰው የተጋደመ ድንጋይ ነብር ይመስለዋል፤ ዓይኑን በጣቱ የተጫነ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። ከተራራ ላይ ቁልቁል ሲያዩት በሬ በግ ያህላል፤ ሆኖም በግ የጠፋበት ሰው ሊጎትተው አይወርድም፤ ርቀት መጠንን እንደሚሰውር ያውቃልና።

ከዚህ ተነሥቶ ሹንዚ የስሜት ሕዋሳት ሐሰተኞች ናቸው ወደሚል ድምዳሜ አልደረሰም። ሕዋሳትን የሰማይ ሹማምንት፣ ልብን ደግሞ የሰማይ ጌታ ብሎ ሰየማቸው። ለሕዋሳት የተጠቀመበት ጓን የሚለው ቃል ለመንግሥት ሹመትም የሚነገር ነው። እያንዳንዱ ሹም የየራሱ ግዛት አለው፤ ዓይን የጆሮን ሥራ ሊሠራ አይችልም። ጌታውም ቢሆን ሹማምንቱ ያመጡለት ነገር ከሌለ የሚያውቀው የለም። በአንጻሩ ልብ በስፍራው ካልተገኘ ጥቁርና ነጭ ከፊት ቆሞ ዓይን አያየውም፤ ነጋሪት በአጠገብ ቢመታ ጆሮ አይሰማውም። እኛም «አይቼው ነበር፤ ልብ አላልሁትም» እንላለን። ሺን የሚለውን የቻይንኛ ቃል ወደ አእምሮ ሳይሆን ወደ ልብ የምተረጉመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያስበውም የሚሰማውም እርሱ ነው።

ለብዙ ዓመታት እነዚህን ሁለት ታሪኮች ሳስተምር ሞዚን የየዋህነት፣ ሹንዚን የብስለት ምሳሌ አድርጌ አቀርብ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ታዲያ የዱ ቦን ደም ማን ይጠይቃል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መንፈሱን ከታሪኩ ባወጣሁ ቁጥር ያለ በደሉ የሞተውን ሰው አብሬ ማውጣቴን ልብ አላልሁም ነበር።

ወደ ሹንዚ ተመልሼ ሳነብ ግን፣ የጁዋን ሹሊያንግ ታሪክ ባለበት በዚያው ምዕራፍ የሥያ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ጂዬ ተጠቅሶ አገኘሁ። ጂዬ በሚወዳት ሴትና በባለሟሉ ልቡ ተጋርዶ ታማኙን ሹም ጓን ሎንግፌንግን ሊያውቀው አልቻለም፤ መንግሥቱንም አጣ። ስለዚህ ለሹንዚ ጥላን ጋኔን የሚያደርገው ፍርሃትና ታማኝን የሚያስጥለው የንጉሥ አድልዎ የአንድ ሕመም ሁለት መልኮች ናቸው፤ ሁለቱም የልብ መጋረድ ናቸው። መድኃኒቱም ልብን ባዶ፣ አንድና ጸጥ ያለ ማድረግ ነው፤ ቀድሞ የያዘው ነገር አዲስ የሚመጣውን እንዳይከለክልበት።

ይህ መልስ በቂ ነውን? ታሪክ ከባድ ፈተና አቅርቦለታል። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን እንደመዘገበው፣ በ207 ከክርስቶስ ልደት በፊት የቺን መንግሥት ባለሥልጣን ጃኦ ጋኦ ለሁለተኛው ንጉሠ ነገሥት አጋዘን አቅርቦ «ፈረስ ነው» አለ። ከሹማምንቱ አንዳንዶቹ ዝም አሉ፤ አንዳንዶቹ ፈረስ ነው አሉ፤ አጋዘን ነው ያሉትን ጃኦ ጋኦ በስውር በሕግ ወነጀላቸው። በዚያው መጽሐፍ ሌላ ምዕራፍ እንደተጻፈው ደግሞ ሁሉም ፈረስ ነው ባሉ ጊዜ ንጉሡ የገዛ ራሱን ተጠራጠረ።

በዚያ አደባባይ የማንም ዓይን አልተሳሳተም። የሞዚ መመዘኛ የወደቀው ምስክሮቹ ስለፈሩ ነው፤ የሹንዚ የወደቀው የጌታው ልብ አስቀድሞ ስለተጋረደ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም፦ ያየ ሰው ሳይፈራ መናገር አለበት፤ የሚሰማውም ያልፈለገውን ለመስማት ስፍራ ማዘጋጀት አለበት። ለዚያች ተማሪ ዛሬ የምሰጣት መልስ ይህ ነው፤ የዱ ቦን ደም የሚጠይቁት በዚያ ቀን አጋዘን ነው ያሉት ሰዎች ናቸው።