የጡንቻ ማላሊያ ማርከሻ ታሪክ

በሰመመን ጊዜ ጡንቻን ለማላላት የሚሰጠው መድኃኒት ታማሚው ሲነቃ ትንፋሹን እንዳያደክመው ማርከሻ ያስፈልገዋል፤ የማርከሻውም ታሪክ የሚጀምረው በምዕራብ አፍሪካ፣ የካላባር ሰዎች ተጠርጣሪን ለመፈተን ያበሉት ከነበረው መርዛማ ባቄላ ነው። ከባቄላው የወጣው ፊዞስቲግሚን፣ በደቡብ አሜሪካ ቀስት የሚቀባበትን ኩራሬ የተባለ ሽባ አድራጊ መርዝ እንደሚሽር ሐኪሙ ያኮብ ፓል በ1900 እ.ኤ.አ. በቪየና አሳየ። በ1931 እ.ኤ.አ. የተሠራው ተመሳሳይ ማርከሻ ኒዮስቲግሚን፣ አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚገታ፣ መልእክተኛው በዝቶ ማላሊያውን ከጡንቻው ያፈናቅላል፤ የልብ ምትን ስለሚያዘገይም ከአትሮፒን ጋር ይሰጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ የተፈቀደው ማርከሻ ሱጋማዴክስ ሮኩሮኒየም የተባለውን ማላሊያ ራሱን ከብቦ ቢይዝም ዋጋው ውድ ነው፤ ስለዚህም በኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ከሚሴና በዙሪያዋ ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ነባሩ ኒዮስቲግሚን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሊታጣ አይገባም።