የጓሳ ሕግና የአዲስ ድርጅት ሠራተኛ

አዲስ ድርጅት ሲቋቋም አስቀድሞ የሚታሰበው ገንዘብና መሣሪያ ነው። ሕንፃው ይሠራል፤ መኪናው ይተከላል፤ የሠራተኛው መተዳደሪያ ደንብ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ድርጅት ተገልብጦ ይመጣል። ይሁን እንጂ ሰዎችን ለአንድ ዓላማ አስተባብሮ ማቆየት በአገራችን ዘመናትን ያስቆጠረ ሙያ ነው። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር አጠባበቅ ታሪክ ለዚህ አንድ ምስክር ነው።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውርጫማ ደጋ ነው። ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። ቁጥቋጦው ለማገዶ፣ መስኩም በችግር ጊዜ ለከብት ግጦሽ ይውላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ የሚታመነው የቄሮ ሥርዓት ይህን ሀብት ሲጠብቅ ኖሯል። ምድሩ አስቦና ጌራ በተባሉት አቅኚ አባቶች ስም ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ከመካከላቸው ይመርጡ ነበር።

የአሠራሩ ስልት ቀላል ነበር። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከአጨዳ ይከለከላል። የሚከፈተው የሣሩ ዕድገትና የሕዝቡ ችግር ታይቶ በበጋው ወራት ነው። ተጠቃሚው ሁሉ በተራው ለጥበቃ ይወጣል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ጥቅሙና ግዴታው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስለ ነበሩ፣ ጠባቂው የሚጠብቀው የገዛ ራሱን ድርሻ ነበር። ቅጣቱን ዛሬ ማንም አይመኘውም፤ ደንቡ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

ሥርዓቱ ከባድ ጉድለትም ነበረበት። የመጠቀም መብት የአጽመ ርስት ባለቤቶች፣ ማለትም ከአቅኚዎቹ የሚወለዱ ሰዎች ነበር፤ በአካባቢው እየኖሩ ዘር መቁጠር ያልቻሉት ከመብቱ ውጭ ነበሩ። ስለዚህም በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥሪት ሲሽር ቄሮም አብሮ ወደቀ፤ ምድሩም ለጉዳት ተጋለጠ። ቆይቶ በዙሪያው ያሉ የገበሬ ማኅበራት ኮሚቴ አቋቁመው፣ የትውልድ ሐረግ ሳይጠይቁ የመዝጋትንና የመክፈትን ልማድ አስቀጠሉ። በ2000ዎቹ ዓመታትም የአማራ ክልል ሕጋዊ ጥበቃ ሰጠው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሙያ ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል፤ በሰሜን ሸዋ ፋብሪካ የሚያቋቁም ባለሙያ የሚቀጥረው ወጣት ስለ ተራ፣ ስለ ድርሻና ስለ ሸንጎ ከቤቱ ተምሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ባዶ ሰሌዳ አድርጎ መቁጠሩ ስሕተት ነው። ደንቡ ሲረቀቅ ይጠየቅ፤ የፈረቃ አለቃው ሲመደብ የሥራ ጓደኞቹ አስተያየት ይሰማ፤ ትርፍ ሲገኝ የደከመው ሁሉ ድርሻውን አስቀድሞ ይወቅ።

ከሁሉ በላይ፣ ለመሥራቾቹ ዘመድና ወዳጅ ብቻ የሚያደላ ድርጅት የአጽመ ርስትን ዕጣ ያስታውስ። መሥራቾቹ የሄዱ ዕለት ደንቡን የእኔ ብሎ የሚጠብቅለት ሠራተኛ አይኖረውም። ደንቡን ሁሉም ከመጀመሪያው የተካፈለው ድርጅት ግን አለቆች ቢለዋወጡም ሥራው ይቀጥላል።