ክሩዝ ኮንትሮል (ዐቃቤ ፍጥነት)፤ በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ ሲታወክ

ክሩዝ ኮንትሮል ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ቢያነሣም አውቶሞቢሉ በተመደበለት ፍጥነት ጸንቶ እንዲሄድ የሚያደርግ መሣሪያ ሲሆን፣ በሊቃውንቱ አነጋገር ቢሰየም ዐቃቤ ፍጥነት ሊባል ይገባዋል። የፈለሰፈው ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ብርሃነ ዐይኑን ያጣው አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲተር ነው፤ እርሱም መንገዱን በማየት ፈንታ የመኪናውን መፍጠንና መዘግየት በሰውነቱ ያዳምጥ ስለ ነበር፣ የነጂዎች አረጋገጥ እኩል አለመሆኑ ያውከው ነበር ይባላል። በ1950 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ክራይስለር ኩባንያ መሣሪያውን ኢምፔሪያል በተባለው አውቶሞቢሉ ላይ ለገበያ አቀረበው።

አሠራሩ

በብዙ አሮጌ የቤንዚን መኪናዎች ላይ፣ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው የአየር ጉድለት፣ መካኒኮች ቫኪዩም የሚሉት፣ በቀጭን የጎማ ቱቦ አልፎ ወደ አንድ ክብ ቆርቆሮ ይደርሳል፤ በቆርቆሮው ውስጥ ያለው የጎማ ሽፋንም ሲሳብ በሽቦ ገመድ የታሰረውን የሞተሩን የአየር በር ይከፍታል። የፍጥነቱን ልክ የሚናገረው ሴንሰር ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነሣው ግን የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ነው። ይህ ሳጥን በጠባዩ ተጠራጣሪ ሆኖ ተሠርቷል፤ ከፍሬን፣ ከሴንሰሩ ወይም ከመሪው አጠራጣሪ ምልክት የደረሰው እንደ ሆነ ሥራውን ይተዋልና፣ እንቢታው ብዙ ጊዜ የታዛዥነት እንጂ የሕጸጽ ምልክት አይደለም።

ምርመራው

ስለዚህ ምርመራው ከውዱ ሳጥን ሳይሆን ከርካሹ አምፖል ይጀመራል። ፍሬኑ ሲረገጥ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይመልከት፤ የፍሬን መብራት ፊውዝ ወይም አምፖል የተቃጠለ እንደ ሆነ፣ ወይም በፔዳሉ ሥር ያለችው ማብሪያ ተጣብቃ መብራቱን ሳታጠፋ ከቀረች፣ በብዙ አሮጌ ሞዴሎች ክሩዙ አይያዝም። የእጅ ካምቢዮ ላለው መኪና የፍሪሲዮኑ ማብሪያም እንዲሁ ይመረመራል። የፍጥነት ቆጣሪው መርፌ የሚዘልል ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ ይዞራል፤ ክላክሱ ከክሩዝ ቁልፎቹ ጋር አብሮ ዝም ካለ ደግሞ በመሪው ውስጥ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለው ሽቦ ሳይበጠስ አልቀረም፤ ኤርባግ ያለበትን መሪ ግን ባትሪው ሳይነቀል መፍታት አደገኛ ነው።

ከዚህ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ኮፈኑ ይከፈታል። ሙቀት ያደረቀው የጎማ ቱቦ በጣት ሲታጠፍ እንደ ደረቀ የሙዝ ቅጠል ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በዐይን ባይታይም እንኳ ሞተሩ ሲሠራ ፉጨቱ ይሰማል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ሽፋኑን በእጅ ወደ ውስጥ ገፍቶ ቀዳዳውን በጣት መድፈን ነው፤ ሽፋኑ በቦታው ከጸና ጤነኛ ነው፣ ቀስ እያለ ከተመለሰ ግን ተቀዷል።

በጋሞ ዞን

በአርባ ምንጭ የሚኖር ባለመኪና ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የተራራውን ጠባይ ከመሣሪያው ሕመም መለየት ይገባዋል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ በ1,300 ሜትር ግድም ስትገኝ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ የምትደረሰው ጨንቻ ግን ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች፤ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ዳገት ላይ ሞተሩ የአየር በሩን እስከ መጨረሻው ሲከፍት ቫኪዩሙ ይሟጠጣል፣ ሽፋኑን የሚገፋው የውጭው አየርም ከፍታው በጨመረ ቍጥር ይሳሳል፤ በመሆኑም ጤነኛው ክሩዝ ሳይቀር ፍጥነቱን መጠበቅ ተስኖት ይለቃል። ስለዚህ ፈተናው ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ወጥቶ የአባያን ሐይቅ በቀኝ አድርጎ ወደ ምዕራብ አባያ በሚወስደው ሜዳማ አስፋልት ላይ፣ ያውም ከብትና እግረኛ በሌለበት ሰዓት፣ ቢደረግ ፍርዱ የቀና ይሆናል፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በታች እንደማይያዙም መታወስ አለበት።

ክሩዙ አልያዝ ቢል የነጂው ጉዳት የእግር ድካም ብቻ ነው፤ ፍሬን ተረግጦ አልለቅ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ከነገመዱ መፈታት አለበት። በአባያ ዳር ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን የጨንቻ ዳገት ሲጀመር ይጠፋል፤ በዚያ መንገድ ላይ የሚታመነው ዐቃቤ ፍጥነት የነጂው እግር ነውና።