ማሲንቆና ሳክስፎን

ጃዝ የተባለው ሙዚቃ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያውኑ ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የትውልድ ስፍራው ኒው ኦርሊንስ መሆኑ የታወቀ ነው። እኛ ግን ይህን ጽሑፍ ከጎንደር የምንጀምርበት ምክንያት አለን።

ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ጎንደር የሄድነው በጥር ወር፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ነበር። አንድ ምሽት የከተማው ተወላጅ የሆነ ባልደረባችን ከፒያሳ ጥቂት ራቅ ብሎ ወደሚገኝ የአዝማሪ ቤት ይዞን ሄደ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ወለሉ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፤ ጠጁ በብርሌ ይቀርባል። አዝማሪው ቀጠን ያለ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ሲሆን፣ ሚስቱ ከጎኑ ሆና ትቀበለዋለች፤ አንድ ጎረምሳም ከበሮ ይመታል። ከመጀመሩ በፊት የደጋኑን ጭራ በዕጣን አሸት አሸት አደረገና አንቺ ሆዬን አነሣ።

ዜማውን በዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ዞሮ በመጣ ቍጥር ሌላ ሆነ። አንድ ጊዜ ያዘገየዋል፣ አንድ ጊዜ ያጣድፈዋል፤ አንዳንዴም ግጥሙን ከመካከል ትቶ ቀሪውን ማሲንቆው እንዲናገር ያደርጋል። እንግዶች «ተቀበል!» እያሉ ስንኝ ሲወረውሩለት፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ይቀበልና የራሱን ጨምሮ ይመልሳል። ከእኛ አንዱ የመሥሪያ ቤት ሰዎች መሆናችንን በጆሮው ሹክ ቢለው፣ የሚወዳትን ሴት በየጠረጴዛው ተፈርሞባት ከመዝገብ ቤት ሳትወጣ በቀረች ማመልከቻ መስሎ ዘፈነብን። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኛም ሳቅን፤ ብር አውጥተን በግንባሩ ላይ ከመለጠፍ በቀር ሌላ መልስ አልነበረንም።

የጃዝ ባለሙያ የሚመሰገነውም በዚሁ ነው። ሁሉ የሚያውቀውን ዜማ ይዞ ይነሣል፤ በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ቤት፣ ለዚያ አድማጭ አዲስ አድርጎ ይፈጥረዋል። ይህን ስንል አዝማሪነትና ጃዝ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ አንዱ በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ መካከል፣ ሌላው በእኛ ነገሥታት አደባባይና በጠጅ ቤት ያደገ ነው። ሆኖም ሁለቱ በአዲስ አበባ ተገናኝተዋል፤ የተገናኙበትም መንገድ የታወቀ ነው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲያሰሙ አይተው ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ከእርሱም በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለት በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ብዙ ሙዚቀኞችን አስተምሯል። እንግዲህ ነሐሱና ኖታው የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያው ቴአትር ኦርኬስትራ መካከል ጌታቸው መኩሪያ የሚባል ሳክስፎን ነፊ ተነሣ። በ1927 ዓ.ም. በይፋት የተወለደ ሲሆን፣ በልጅነቱ እጁን ያፍታታው በክራርና በማሲንቆ ነው። ገና ልጅ ሳለ ወደ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገብቶ ነፋስ መሣሪያ ተማረ። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን አዝማሪና ጀግና በጦር ሜዳ የሚያሰሙትን ሽለላና ፉከራ ያለ ቃል በሳክስፎን ማሰማቱ ነው። ቃሉ ባይኖርም ጩኸቱ፣ ማጕራቱ፣ ንዴቱ አለ። በመድረክም ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይቆም ነበር። የውጭ አገር አዋቂዎች በኋላ ሸክላውን ሲሰሙ ከአሜሪካው ከኦርኔት ኮልማን አዲስ ጃዝ ጋር አመሳሰሉት፤ የጌታቸው ምንጭ ግን ሌላ ስፍራ ነበር። በ2008 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ በአውሮፓ መድረኮች ሳይቀር ይህንኑ ሲነፋ ኖረ።

የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ በበኩሉ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከጃዝ ስልት ጋር አዋሕዶ «ኢትዮ ጃዝ» የተባለውን አስገኘ። ታላቁ ዱክ ኤሊንግተንም በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል። ስለ ሙላቱ ግን ብዙ ስለ ተጻፈ በዚህ ላይ አንዘገይም።

ሳክስፎን ነፊው እንዲህ ሲከበር የማሲንቆው ባለቤት ዕጣ ምን ሆነ? «አዝማሪ» የሚለው ስም ከግእዙ «ዘመረ» የወጣ ነው፤ መዝሙርና መዘምርም ከዚያው ግንድ ናቸው። አንዱ ቅርንጫፍ ማዕርግ ሲሆን ሌላው ስድብ ሆኖ ቀረ። እኛም ራሳችን በተማሪነት ዘመናችን አባቱ ማሲንቆ የሚመታ አንድ የክፍል ጓደኛችንን በዚህ ስም እየጠራን እናሸማቅቀው ነበር። ልጁ ከእኛ ሁሉ የተሻለ ግጥም ይገጥም ነበር፤ ይሁን እንጂ አባቱ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር እንደ ነበር እናስታውሳለን። ይህን ዛሬ ስንጽፈው አያኰራንም።

ነገሩ ግን ከስድብም ያልፍ ነበር። ሳክስፎን በአውሮፓ በ1838 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ካገኘ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ፣ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ ኃይሉ ጉር አምባ ላይ ገጠሙ። ጣፋጭ የሚባለው የጎሹ አዝማሪ በሠራዊቱ ፊት ካሳን እየናቀ ዘፈነ። ጎሹ ወድቀው ድሉ የካሳ በሆነ ጊዜ አዝማሪው ተይዞ ቀረበ፤ ስለ ዘፈኑም ሲጠየቅ በራሱ ላይ የሚፈርድ ግጥም እንደ ገጠመና በዱላ ተደብድቦ እንደ ሞተ ይተረካል። ከ84 ዓመት በኋላም፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ይኸው ጨካኝ ገዥ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን ከዘፋኞች ጋር አስይዞ እንዲገደሉ አዘዘ። መድፍና አውሮፕላን ያለው ሰው አንድ ጭራ ያለውን መሣሪያ የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወሬውና ተስፋው ከገበያ ወደ ገበያ የሚሄደው በእርሱ ላይ ነበርና። በደርግ ዘመን ደግሞ ሰዓት እላፊ የምሽቱን ጨዋታ አጠፋው፤ የአዲስ አበባዎቹ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች የደመቁት ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

ወደዚያ ምሽት እንመለስ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲቃረብ እንግዳው ሳሳ፤ አዝማሪውም ማሲንቆውን በጕልበቱ ላይ አጋድሞ ዐረፍ አለ። ከእኛ አንዱ በስልኩ ውስጥ የነበረውን የጌታቸውን ሽለላ ከፍቶ ሰጠው። ሰውዬው ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ለረዥም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያም ሳይናገር ማሲንቆውን አንሥቶ ጭራውን ጥቂት አጠበቀና፣ የሳክስፎኑን ሐረግ ተከትሎ ይመታ ጀመር። ሚስቱ ልትቀበለው አፏን ከፍታ፣ ቃል የሌለው መሆኑን ስታስተውል ዝም አለች።

ሲያበቃ «ይህ የሚነፋው ሰው ማን ነው፣ ጌቶቼ?» ሲል ጠየቀ።

«የይፋት ሰው ነው፤ ዐርፏል» አልነው።

«ነፍስ ይማር» አለና፣ ጥቂት አስቦ፣ «ማሲንቆ መትቶ ያውቅ ነበር» አለ። እኛ ግን ይህን አልነገርነውም ነበር።