ድሪቶው ሰርቨር፦ አፓቼ ስሙን ከየት አገኘ?

«አፓቼ» ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ተዋጊው ሄሊኮፕተር ነው። ሰርቨር ክፍል ውስጥ የሚውል ሰው ግን ሌላ አፓቼ ያውቃል። የድረ ገጽ አድራሻ ጽፈን ስንልክ፣ በወዲያኛው ጫፍ ጥያቄያችንን ተቀብሎ ገጹን የሚልክልን ፕሮግራም አለ፤ ዌብ ሰርቨር ይባላል። አፓቼ ከእነዚህ አንዱ ነው። ማንም በነፃ ይወስደዋል፣ ውስጡን ከፍቶ ያየዋል፣ የተበላሸውን ያስተካክላል። 1.0 የተባለው የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው ኅዳር 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ነበር። ያኔ በአገራችን ለሕዝብ የሚሰጥ የኢንተርኔት አገልግሎት ገና አልተጀመረም። እነሆ 30 ዓመት አለፈው።

መነሻው የታወቀ ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ሮብ ማኩል የተባለ ወጣት ኤችቲቲፒዲ የሚባል ዌብ ሰርቨር ጽፎ ነበር። በዘመኑ በብዛት የሚሠራበት ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 አጋማሽ ማኩል ማዕከሉን ለቅቆ ሄደ፤ ፕሮግራሙም አሳዳጊ አጣ። ተጠቃሚው በየጊዜው ይጨምራል፣ ስሕተቱም እንደዚያው፤ አቤት የሚባልበት ግን የለም። ስለዚህ ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች፣ አንዱ ካሊፎርኒያ፣ አንዱ ማሳቹሴትስ፣ አንዱ እንግሊዝ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቀዳዳ መድፈን ያዙ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ለፍቶ የደፈነውን ቀዳዳ ሌላው ሳይሰማ በሳምንቱ እንደገና ይደፍነዋል።

የሚደፍኑበት ነገር በእንግሊዝኛ «ፓች» ይባላል፤ እኛ እራፊ የምንለው ነው። ስሙ ከልብስ ስፌት ይምጣ እንጂ ነገሩ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከፕሮግራሙ የሚወጣው መስመር ፊት ለፊቱ የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል፤ የሚገባው መስመር የመደመር ምልክት። ቦታው እንዳይሳት ከላይና ከታች ያልተነኩ ጥቂት መስመሮች አብረው ይጻፋሉ። ይህን ፋይል አንብቦ ማስተካከያውን በራሱ ቦታው ላይ የሚያስገባውን መሣሪያ ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1985 ሠርቶ ለሁሉም ለቆታል፤ የመሣሪያውም ስም ፓች ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በስልክ መስመር ኢሜይል በሚላክበት ዘመን ሙሉ ፕሮግራም መላክና ሦስት መስመር መላክ አንድ አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጥገና ወስደው እንዲሠሩበት ያስቻለው ይህች መሣሪያ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ብራያን ቤህሌንዶርፍ ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ሆትዋየርድ በተባለ የኢንተርኔት መጽሔት ይሠራል። ከክሊፍ ስኮልኒክ ጋር ሆነው የተበተኑትን ጠጋኞች በኢሜይል አሰባሰቡ፤ ኮምፒውተር አቆሙ፤ መስመሩን ሆትዋየርድ ሰጠ። በየካቲት 1995 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ወራትና ዓመታትም እንዲሁ) መጨረሻ ስምንት ሰዎች የቡድኑ እምብርት ሆኑ፦ ቤህሌንዶርፍ፣ ሮይ ፊልዲንግ፣ ሮብ ሃርቲል፣ ዴቪድ ሮቢንሰን፣ ስኮልኒክ፣ ራንዲ ተርቡሽ፣ ሮበርት ታውና አንድሩ ዊልሰን። አለቃ የላቸውም፣ ደመወዝም የለም። የማኩልን 1.3 እትም ወስደው፣ የሚያውቁትን ጥገናና ይበጃል ያሉትን ማሻሻያ ሁሉ ላዩ ላይ ደረቡበት።

አንድ እራፊ ይግባ ወይስ ይቅር የሚለውን የሚወስኑት በድምፅ ነው። የተስማማ «+1» ብሎ ይጽፋል፤ ግድ የሌለው «0»፤ የተቃወመ «-1»። የአንድ ሰው «-1» ምክንያቱ እስከቀረበ ድረስ ኮዱን ያስቆማል፤ ስለዚህ ተቃዋሚውን ማሳመን እንጂ በብዛት ማለፍ አይቻልም። ይህ ደንብ ዛሬም በብዙ ነፃ ሶፍትዌሮች ይሠራበታል። የሚያስደንቀኝ ደግሞ ኢሊኖይ ያለው ማዕከል ሥራውን እንደገና ሲጀምር፣ ባለሙያዎቹ በመጋቢት እንደ ተፎካካሪ ሳይሆን እንደ ክብር አባል ገብተው ሐሳብ መለዋወጣቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የሥራ ወራት ናቸው። በሚያዝያ 0.6.2 የተባለው እትም ለሕዝብ ወጣ። በበጋቸው ታው የፕሮግራሙን አጥንት እንደ አዲስ አዋቅሮ ሻምባላ የሚል የሥራ ስም ሰጠው፤ በሐምሌ ወደ እሱ ዞሩ። በነሐሴ 0.8.8፣ በታኅሣሥ 1.0 ወጣ። ዓመት ሳይሞላው፣ በሚያዝያ 1996፣ ሰርቨሮችን በሚቆጥረው የኔትክራፍት ዝርዝር ላይ አፓቼ የማኩልን ፕሮግራም ቀድሞ አንደኛ ሆነ።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ስሙን ያቀረበው ቤህሌንዶርፍ መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ለምን እንዳቀረበው ነው።

የመጀመሪያው ወሬ የቡድኑ የራሱ ነው። በ1990ዎቹ ለተጠቃሚዎች ባዘጋጁት የጥያቄና መልስ ገጽ ላይ፣ ስሙ ከእራፊው እንደመጣ ጽፈዋል። በእንግሊዝኛ እራፊ የበዛበት ነገር «ፓቺ» ነው። «አ ፓቺ ሰርቨር» ቢሉት ድሪቶ ሰርቨር ማለት ነው፤ ተያይዞ ሲነበብ ደግሞ በእንግሊዝኛ «አፓቺ» ተብሎ የሚጠራው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ስም ይወጣል። በነባር ኮድ ላይ ጥገና በጥገና ተደርቦ ለቆመ ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ መጠሪያ ማግኘት ይከብዳል።

ሁለተኛው ወሬ የመጣው ከራሱ ከስም አውጪው ነው። ቤህሌንዶርፍ በ2000 እና ከዚያም ወዲህ ሲጠየቅ፣ መነሻዬ የቃል ጨዋታው አልነበረም ብሏል። በዚያን ሰሞን ስለ ጄሮኒሞ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም አይቶ ነበር። ጄሮኒሞ በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ በረሃ ከነጭ ሠራዊት ጋር ዓመታት የተዋጋ የአፓቼ ጦረኛ ነው። በመጨረሻው ወቅት ወደ 5,000 የሚጠጋ የአሜሪካ ወታደር ከጥቂት ደርዘን ተከታዮቹ ጋር ሲያሳድደው ቆይቶ፣ በመስከረም 1886 እጁን ሰጠ። ቤህሌንዶርፍ ትልልቅ ኩባንያዎች መጥተው ኢንተርኔቱን «ሊያሠለጥኑት» ነው የሚል ስጋት ነበረው። እሱ እንደሚለው ለአሜሪካ መንግሥት ከሁሉ መጨረሻ የተንበረከከው ሕዝብ ስም ደስ ያለው ለዚህ ነው።

ቅኔ ለለመደ ጆሮ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አንድ ኅብረ ቃል ሁለት ይፈታል፤ ክርክሩ ሰሙ የቱ፣ ወርቁ የቱ በሚለው ላይ ነው። የኋላ ኋላ ቡድኑ ያቋቋመው ድርጅት ሁለቱንም አስታርቆ ጻፈ፤ ስሙ ከአክብሮት የመጣ ነው፣ የቃል ጨዋታውም ገጥሞለታል ብሎ።

የስም አውጪ ቃል ክብደት አለው። ሰውየው ያሰበውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ቤህሌንዶርፍ ቃሉን ከመስጠቱ ከዓመታት በፊት፣ አብረውት ሌሊቱን ያነጉት ሰዎች ለሚጠይቃቸው ሁሉ ይሰጡ የነበረው መልስ ድሪቶ የሚለው ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። አንድ ሰው ስም ቢያቀርብም፣ ሌሎቹ ተቀብለው የሚጠሩበት ምክንያት ስሙን የራሳቸው ያደርገዋል። ሃርቲልም ሆነ ታው ጄሮኒሞን አስበው አልጠገኑም። ያዩት ነገር የተሰነጠቀ ኮድ ነው፤ ያደረጉት ነገር መጣፍ ነው።

የሁለተኛው ወሬ ዳፋ በኋላ ታየ። ፕሮግራሙ አደገ፤ በ1998 አይቢኤም ሲቀላቀል ውል የሚፈርም አካል አስፈለገ፤ በ1999 የአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተቋቋመ። በ2023 መግቢያ ላይ ደግሞ ኔቲቭስ ኢን ቴክ የተባለ የነባር ሕዝቦች ተወላጆች የቴክኖሎጂ ቡድን፣ ስሙ ይቀየር ብሎ በይፋ ጠየቀ። አቤቱታቸው ልብ ይነካል። አፓቼዎች በፊልም የሚታዩ ያለፉ ጀግኖች አይደሉም፤ ዛሬም በመሬታቸው ላይ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ስማቸውን ለፕሮግራም ሲሰጡት ማንም አልጠየቃቸውም። በእኔ እምነት እውነት አላቸው። በዚያው ዓመት የፋውንዴሽኑ ዓመታዊ ጉባኤ የአፓቼን ስም ትቶ «ማኅበረሰብ ከኮድ ይቀድማል» የሚል ትርጉም ባለው ስም ተተካ።

እኔ ራሴ ያንን ማኅበረሰብ ያገኘሁት በጭንቅ ቀን ነው። በምሠራበት ቢሮ ሰርቨሩን ከ2.2 ወደ 2.4 እትም አሳደግሁት። ሲነጋ የመሥሪያ ቤቱን ገጽ የሚከፍት ሁሉ «403» የሚል ክልከላ ያያል። የፋይሎቹን ፈቃድ አየሁ፣ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁ፤ ምንም። እስከ ምሳ ሰዓት ስልኬ መጮኹን አላቆመም። የስሕተት መዝገቡ ውስጥ ገብቼ የመጨረሻዋን መስመር፣ ኤኤች 01630 የሚል ቁጥር ያላትን፣ ከኮንፊገሬሽን ፋይሉ ጋር አድርጌ ለማላውቃቸው ሰዎች ጻፍሁ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ። የላከው ሰው አገሩንም ስሙንም አልጻፈም፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። ሦስት መስመር ነው። «ኦርደር አላው፣ ዲናይ» እና «አላው ፍሮም ኦል» የሚሉት ሁለቱ ፊት ላይ የመቀነስ ምልክት አለ። ሦስተኛው፣ «ሪኳየር ኦል ግራንትድ» የሚለው፣ የመደመር ምልክት አለው። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሯል፦ የፈቃድ አሰጣጡ ቋንቋ በ2.4 ተለውጧል፣ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ሲደባለቅ ሰርቨሩ ይከለክላል። ሁለቱን አወጣሁ፣ አንዱን አስገባሁ፣ ሰርቨሩን ቀሰቀስሁት።

ገጹ ተከፈተ። ላመሰግነው ስመለስ ሰውዬው የሌላ ሰው መዝገብ እያነበበ ነበር።