«ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ተብላ የተመዘገበችው ገጣሚ

ከካሴት ዘመን የቀሩ የባህል ዘፈን ሽፋኖችን ገልብጦ ያነበበ ሰው አንዲት ቃል ደጋግማ ትገጥመዋለች። ከፊት የዘፋኙ ፎቶና የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ። ከጀርባ የዘፈኖቹ ዝርዝር በደቃቅ ፊደል ተደርድሯል፤ ከባህል ጨዋታዎቹ ጎን ብዙ ጊዜ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ይላል። ያቀናበረው በስሙ ተጠርቷል፣ ያጀበው በስሙ ተጠርቷል፤ የገጠመው ግን «ሕዝብ» ነው። ይህን ቃል እንደ ክብር ስንወስደው ኖረናል። እኔ ክብር ነው ብዬ አላምንም። ቀረርቶና ፉከራ በአብዛኛው የወንድ ነው ቢባል እንኳ፣ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሙሾው፣ የሰርጉና የወፍጮ ላይ እንጉርጉሮው ገጣሚ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። ስም አላት፣ ቀበሌ አላት፣ ሰው ያውቃታል። ስሟ የጠፋው ግጥሟ ከመንደሯ ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲደርስ ነው።

ከጂጋ እስከ ፍኖተ ሰላም (የቀድሞው ወጀት)፣ አንባቢ ሁሉ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ከሚያውቃት ከማንኩሳ እስከ ቡሬና ሽንዲ ባለው አገር ትልቅ ሰው ሲሞት አልቃሽ ይላክባታል። ለቀስተኛው ክብ ይሠራል፤ የሟቹ ጠመንጃ ወይም ልብስ በሰው እጅ ይያዛል። እሷ መሐል ገብታ አባቱንና አያቱን ትቆጥራለች፣ ያረሰውን መሬት፣ የዳረውን ልጅ፣ የታረቀውን ባላንጣ ታነሳለች። ስንኙ ሁለት ሁለት እየሆነ ቤት ይመታል፤ ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ ይቀበላታል። ያ የቅብብል ጊዜ ለሰሚው ዋይታ ነው፤ ለእሷ ግን የሚቀጥለውን ስንኝ የምታሰናዳበት ጥቂት ትንፋሽ ብቻ ነው። ከፊቷ የቆመው ሰው የሟቹን ሕይወት ያውቃል፤ ያልሆነውን ብታወድስ ወዲያው ይታወቅባታል። እውነቱን እንዳለ ብታወጣው ደግሞ ቤተሰቡ ይቀየማል። ስለዚህ ሰሙን ለሐዘንተኛው፣ ወርቁን ለሚያውቅ ታደርገዋለች። በዚያ ፍጥነት፣ በዚያ ሕዝብ ፊት፣ ሳይጽፉ ይህን መሥራት ከየትኛውም መድረክ ሥራ አያንስም። ሌሎቹን ዘርፎች በጥቂቱ ላንሳቸው። የዘመን መለወጫ ሲቃረብ ልጃገረዶች እንግጫ ሊነቅሉ ሲወጡ የሚዘፍኑት አለ። ሌሊት ወፍጮ ላይ የሚንጎራጎረው ደግሞ የሞተር ወፍጮ በደረሰበት ሁሉ ከድንጋዩ ጋር ቀርቷል። ለሴቶቹ ወገብ እፎይታ ነበርና በሞተሩ መምጣት የሚያዝን የለም፤ እንጉርጉሮው ግን ሳይጻፍ ሄደ።

የገጣሚዋ ስም የመጥፋቱ መዘዝ በታሪካችን ላይ ጎልቶ ይታያል። በጣሊያን ወረራ አምስት ዓመታት ጎጃም ብዙ አርበኛ ቀብሯል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ሲወጣ፣ በዙሪያዋ ባለው ገጠር ሐዘን ያልገባው ቤት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ከነጻነት በኋላም በ1937 ዓ.ም. በላይ ዘለቀ ሲሰቀል የተለቀሰው ልቅሶ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ዛሬም በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። ከስንኞቹ ራስጌ ግን «እንዲህ ተባለ»፣ «እንዲህ ተብሎ ተለቀሰ» የሚል ቃል እንጂ የባለቤት ስም አናገኝም። አማርኛ ለዚህ የተመቸ የግሥ መልክ አለው፤ «ተባለ» ሲል አድራጊዋን ይሰውራታል።

ለዚህ ስም አልባነት የሚቀርበው የመጀመሪያው መከራከሪያ የታወቀ ነው፤ «የሕዝብ ግጥም የሕዝብ ነው፤ ለአንድ ሰው መስጠት ተፈጥሮውን ማዛባት ነው» ይባላል። እውነትነት አለው። አልቃሿ ከእናቷና ከአክስቷ የሰማችውን ስንኝ ታነሳለች፣ አሮጌውን ከአዲስ ትቀጥላለች። ነገር ግን ይህን የሚሉት አጥኚዎች እንጂ ለቀስተኛው አይደለም። መንደሩ አልቃሽ ሲፈልግ «ሕዝብ ይምጣልን» ብሎ አይልክም፤ እገሊትን ጥሩልን ይላል። እሷ ካልተገኘች ልቅሶው ቀዘቀዘ ይባላል። በአንዷና በሌላዋ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቀውና የሚያማርጠው ራሱ ሕዝቡ ከሆነ፣ ልዩነቱን በሕዝብ ስም የምንሰርዘው እኛ ነን።

ሁለተኛው ጠንከር ይላል፤ «በቃል የሚነገር ነገር ስም አይዘልቅበትም፤ ጥፋቱ የማንም አይደለም» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም፣ እዚያው ጎጃም ውስጥ አለ። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው። ቅኔም በቃል ይዘረፋል፤ አንድ ጊዜ በማኅሌት ከተባለ ባለቤቱ ሁለተኛ አይለውም። እንደ ሙሾ ለዕለቱ የተሠራ፣ ከዕለቱ ጋር የሚያልፍ ነው። ሆኖም ተማሪው ጥሩ ቅኔ ሲያነሳ የማን እንደሆነ አብሮ ይናገራል፤ መምህሩ ከማን እንደተማረ፣ የመምህሩ መምህር ማን እንደነበረ ይቆጥራል። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬ በ1963 ዓ.ም. ያሳተሙት የቅኔ መጽሐፍ «ዝክረ ሊቃውንት» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ቅኔውን ከባለቅኔው ጋር ማውሳት የቤቱ ሥርዓት ስለሆነ ነው። እንግዲህ ቃል ስምን አያጠፋም፤ ስምን የሚያጠፋው «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሥርዓት ማጣት ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እንመልከት። በልጅነታቸው ዓይናቸው የጠፋ፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ከእርሳቸው በኋላ በወንበራቸው ተቀምጠው ያስተማሩ የጎጃም ሴት ናቸው። ስማቸው ዛሬ በየቅኔ ቤቱ በአክብሮት ይነሳል። ሴትነታቸውና ዓይነ ስውርነታቸው ስማቸውን አላስጠፋውም፤ ስም በሚጠብቅ ቤት ውስጥ ነበሩና። በዚያው ዘመን በዚያው አገር ስንት አልቃሽ በተመሳሳይ ጥበብ ስንኝ ስታወርድ ኖራ ያለፈችው ግን እንዲህ ያለ ቤት ስላልነበራት ነው።

የከተማው መድረክም ይህንኑ ይመሰክራል። አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ሴት በመድረክ ላይ መታየቷ ገና ነውር ነበር፤ የሴት ገጸ ባሕርይ ወንድ ይጫወት ነበር። ቆይተው የገቡት ሴቶች ብዙ ስድብ ችለዋል። ከቀዳሚዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷና የክራር ባለሙያዋ አስናቀች ወርቁ መስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ ግን ማን እንደነበረች አገር ያውቅ ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረው «ኢትዮፒክስ» የሙዚቃ አልበም ተከታታይ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 25 ጥራዞች ሙሉውን ለአንዲት ሴት የሰጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ 16ኛው የአስናቀች፣ 21ኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። ቁጥሩ ያሳፍራል። ቢሆንም ቴአትር ቤት የደመወዝ መዝገብ፣ ሸክላ አሳታሚ ውል ነበረውና ስማቸው ተረፈ። ከጎጃም ምድር፣ ከቻግኒ የወጣችው እጅጋየሁ ሽባባውም እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ አልበም ስታወጣ ድምፅዋን ከስሟ የሚለይ አልነበረም።

በአሜሪካ የሙዚቃ ፊልሞች ወርቃማ ዘመን የነበሩት ጥቁር ሴቶች ዕጣም ይህን ያጠናክራል። ሊና ሆርን እ.ኤ.አ. በ1942 ከኤም ጂ ኤም ጋር ስትፈራረም ዘፈኖቿ ከታሪኩ ተነጥለው ይቀረጹ ነበር፤ በደቡብ ያሉ ሲኒማ ቤቶች ያንን ክፍል ቆርጠው ቢጥሉት ፊልሙ እንዳይጎድል ነው። ዘፋኝና ዳንሰኛዋ ቴሬሳ ሃሪስ ዕድሜዋን በገረድነት ሚና ጨረሰች፤ በብዙዎቹ ፊልሞች ስሟ በዝርዝሩ ላይ እንኳ አልሰፈረም። ከባድ በደል ነው። ሆኖም ፊልሙ ስላለ፣ ፊቷም ስላለ፣ ከዓመታት በኋላ የመጣ ተመራማሪ ፊቱን ከስሙ ጋር ማገናኘት ችሏል። የማንኩሳ ወይም የሽንዲ አልቃሽ ግን ፊልምም፣ ውልም፣ መዝገብም የላትም፤ ያስታወሷት ሰዎች ሲያልፉ አብራ ታልፋለች።

የቀረው መቃወሚያ የክብር ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከልክ ያለፈ ልቅሶን ትገሥጻለች፤ «አልቃሽ» ማለት በአንዳንድ አፍ ስድብ ነው። ስሟን ማውጣት እሷንም ልጆቿንም ማሳፈር ይሆናል የሚሉ አሉ። ይህን አቃልዬ አላየውም። መልሱ ግን እሷን መጠየቅ ነው። ስሜ አይጻፍ ካለች አይጻፍ፤ የራሷ መብት ነው። እስካሁን የሆነው ግን ሳትጠየቅ መተው ነው። ያን ጊዜ የተናቁት የመድረክ ሴቶች ዛሬ የሚከበሩት ስማቸው ስለተያዘ መሆኑንም አንርሳ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ጎጃም ቃል ግጥም ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጽፋሉ። በአብዛኞቹ ግጥሙ በመሐል ገጾች ተተንትኖ ይቀመጣል፤ የሴቲቱ ስም ካለም በመጨረሻው አባሪ፣ ከዕድሜዋና ከቀበሌዋ ጋር በሠንጠረዥ ውስጥ «መረጃ ሰጪ» ተብሎ ይገኛል። የትኛው ስንኝ የእሷ እንደሆነ አንባቢ አያገኘውም። መረጃ ሰጪ ሳትሆን ገጣሚ ናት። አማካሪ መምህራን ይህን አንድ ሠንጠረዥ ከአባሪው አውጥተው ከግጥሙ ራስጌ ቢያስቀምጡት ወጪ የለውም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በየገጠሩም፣ በስልካችሁ ልቅሶና ሰርግ የምትቀርጹ ወጣቶችም እንዲሁ፦ ቀረጻው ሲያልቅ ጠጋ ብላችሁ አስፈቅዷትና ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ቀበሌዋንና ቀኑን ጻፉ።